የመስቀሉ ግራ ክንድ

«ወዲያ በይው!» አለች ዶኛ ፔትሮኒላ፣ መጥረጊያውን ከኤውላሊያ እጅ መንጭቃ። «ገና በሦስተኛው ቀን? ዘጠኝ ሳይሞላ ቤት ይጠረጋል? አባትሽን ከቆሻሻው ጋር ልትደፊው ነው?»

«ወጥ ቤቱን ብቻ ነው እኮ።»

«ወጥ ቤቱ የጎረቤት ነው? ነፍሱ የት እንደተቀመጠች በምን አወቅሽ? ምድጃው ሥር ብትሆንስ? በሕይወቱስ ከዚያ መች ይጠፋ ነበር!»

ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች ሳቅ አመለጣቸው። ኤውላሊያ ግን አልሳቀችም። ባዶ እጇን የምታደርግበት ብታጣ በሽርጧ ላይ ደጋግማ ጠረገችው፤ ከዚያ አንዴ የታጠበ ድስት እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ሳን ቴልሞ ውስጥ ሰው ሲሞት መሬቱ ላይ በኖራ መስቀል ይሠራለታል፤ ሬሳ ሳጥኑም በመስቀሉ ላይ ያድራል። ሬሳው ሲወጣ መስቀሉ ይቀራል። ዘጠኝ ቀን ይጸለይበታል፣ ሻማ ይበራለታል፣ ቢጫ አበባ ይነሰነስለታል። በዘጠነኛው ቀን አምስት የመስቀል አበልጆች ተከፋፍለው ያነሱታል፤ ራሱን፣ ቀኝ ክንዱን፣ ግራ ክንዱን፣ እግሩን፣ በመጨረሻም ልቡን። ኖራው በትንሽ ሳጥን ተደርጎ መቃብር ይወርዳል፣ ነፍስም ያን ጊዜ ቤቱን ትለቃለች። አንድ ክንድ ሳይነሳ ከቀረ ነፍሱ እዚያው ስትንቆራጠጥ ትኖራለች ይባላል። እስከዚያ ድረስ መጥረጊያ አይነካም። ለሌላው ሰው ይህ እረፍት ነው፤ ለኤውላሊያ ግን ቅጣት ነበር። እሷ ስትጨነቅ የምትጠርግ ሴት ናት። ባሏ ጥሏት የሄደ ለታ ግቢዋን ጨርሳ የጎረቤቷን፣ የጎረቤቷን ጨርሳ መንገዱን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ጠርጋዋለች።

«ይልቅ ግራ ክንዱን ማን እንደሚያነሳ ንገሪኝ» አለች ዶኛ ፔትሮኒላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። የከተማውን ሙታን ሁሉ በጸሎት ስትሸኝ አርባ ዓመት የሆናት ሴት ናት፤ ሥራዋ ሳይጓደል እንዲያልቅ ትፈልጋለች። «ራሱ የኔ ነው። ቀኙ የመምህር ሌዮባርዶ። እግሩ የዳቦ ጋጋሪው፣ ልቡ የከንቲባው ሚስት። ግራውስ?»

«ሰው አለኝ።»

«ማን?»

«ሰው አለኝ አልኩዎት እኮ ዶኛ ፔትሮኒላ።»

ሰው አልነበራትም። የነበራት ስም ብቻ ነው።

ስሙን የሰጣት አባቷ ዶን ፊሌሞን ነው፣ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው። ዘጠና አንድ ዓመቱ ነበር። ትራሱን እንድታስተካክልለት ጠራትና እጇን ያዛት። አርባ ዓመት ሙሉ የወንዙን መዝጊያ መዘውር ያዞረ እጅ ነው፤ በዚያ ዕድሜውም ሲይዝ ያማል።

«ግራ ክንዴን ካሲልዳ ታንሳው» አላት።

«የቷ ካሲልዳ?» አለችው፣ የቷ እንደሆነች እያወቀች።

«የማዶዋ። የኤቫሪስቶ ሚስት። ስትጠይቂያት እንዳትዋሺያት።» ጥቂት ተነፈሰ። «አንቺ አይተሽ ነበር። ልክ ነበርሽ።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ እስኪሞትም ድረስ ውሃ ስጡኝ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ኤውላሊያ ያንን «አይተሽ ነበር» ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች። ሲመጣላት ግን ምነው ውጦት በሄደ ብላ ተመኘች።

ለቀስተኛው ደግሞ ከዚያው ወሬ አልወጣ አለ። ጧትም ማታም አንዱ ገብቶ ይቀመጥና የበቆሎ አጥሚቱን እፍ እያለ «አይ ዶን ፊሌሞን! እሱ ባይኖር እኔ ዛሬ የት አለሁ?» ይላል። ሌላው «አራት መቶ ነፍስ!» ይላል። አንዷ አሮጊት ያን ለታ በሆዷ ይዛው የነበረውን፣ አሁን የጭነት መኪና ነጂ የሆነውን ልጇን በክንዱ እየጎተተች አምጥታ ኖራው ፊት አንበረከከችው። «አመስግነው፣ አንተ ደንቆሮ! ባያዞረው ኖሮ ዓሣ ነበር የሚበላህ!»

እንዲህ በተባለ ቁጥር ኤውላሊያ ተነስታ ወንበር ታስተካክላለች። የተስተካከለውን ወንበር ታስተካክላለች።

በዚያ ዓመት ዝናቡ አሥራ አንድ ቀን አላባራም ነበር። ወንዙ በስተቀኝ ሳን ቴልሞን፣ በስተግራ ኤል ሳውስ የምትባለውን ትንሽ መንደር ይዞ ይወርዳል። መዝጊያው ከተከፈተ ውሃው ወደ ግራ ተገልብጦ የኤል ሳውስን ማሳ ይበላል፤ ካልተከፈተ ግድቡ ፈርሶ ሳን ቴልሞን ከነሰዉ ይጠርጋል። ከዋዜማው ጀምሮ ደወል ተደውሎ የኤል ሳውስ ሰዎች ፍየላቸውን ነድተው ኮረብታው ላይ ወጥተዋል። ቆላው ባዶ ነው ተብሏል።

ጎህ ሲቀድ መዝጊያው ላይ የቆሙት አባቷና እሷ ብቻ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ፋኖስ ይዛለታለች። ውሃው ከግድቡ ጫፍ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። አባቷ መዘውሩን ጨብጦ ነበር፣ እሷም ያን ጊዜ አየች። ማዶ፣ ማሳው መሃል፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ሰው በቅሎ ይጎትታል።

«አባዬ፣ ሰው አለ።»

አባቷ ቀና ብሎ አየ። ቆይቶ አየ። ኤውላሊያ ከዚያ ጧት ብዙ ነገር ረስታለች፣ ያንን ቆይታ ግን አልረሳችውም። ውሃው ያን ስንዝር ሊጨርስ ሲቃረብ፣ «ማንም የለም» አለ አባቷ። «አላየሽም። ጭጋግ ነው።» ከዚያ አዞረው።

በሦስተኛው ቀን የኤቫሪስቶ ሬሳ ጎርፉ የጣለው አኻያ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። በቅሎዋ ግን ዋኝታ ወጥታለች፤ ከዚያ በኋላም ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ኤቫሪስቶ እዚያ ምን ይሠራ ነበር ሲባል፣ ሰክሮ ጎጆው ውስጥ ተኝቶ ነው ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም። ዶን ፊሌሞን አላለውም፣ አይደለምም አላለም። ሳን ቴልሞ ለዶን ፊሌሞን ሜዳይ አጠለቀችለት፣ በቤተ ክርስቲያንም የፊተኛውን ወንበር ሰጠችው። እሱ ወንበሩን ተቀበለ። ኋላ ድልድይ ሲሠራ ግን አንድም ቀን አልተሻገረውም። ጉልበቴን ያመኛል ይል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

በአምስተኛው ቀን መምህር ሌዮባርዶ ለዘጠነኛው ቀን የጻፈውን ንግግር ሊያሰማት መጣ። ሦስት ታማል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ ፊቱ ደርድሮ፣ በየገጹ መሃል አንዳንዱን እየፈታ ይጎርሳል። የበቆሎ ሊጡ ጢሙ ላይ ቀርቷል።

«እዚህ ላይ ማዶዎቹንም አንስቻለሁ» አለ። «ጨዋነት ነው። ‹የወንዙን ቀኝ የያዘ አዳኝ ይለዋል፣ ግራውን የያዘ ሌላ ስም ይሰጠዋል› ብያለሁ። ቆንጆ አይደለም?»

«የትኛው ነው እውነቱ?»

«ሁለቱም ነዋ! እውነት እንደ አቋቋምሽ ነው ኤውላሊያ። ከዚህ ስታዪው ጽድቅ፣ ከዚያ ስታዪው በደል። አንድ ተራራ እንኳ ከሁለት በኩል ሲያዩት ሁለት ነው።»

«ከመሃልስ?»

«ምን ከመሃል?»

«ከመዝጊያው ላይ ሆኖ ላየው ሰውስ? እዚያ የቆመው ግራም ቀኝም አይደለም። እሱ ምን ይበለው?»

መምህሩ ማኘኩን አቆመ። «እዚያ የቆመው እኮ አባትሽ ብቻ ነው።»

«ፋኖስ የያዘም ነበረ» ብላ ተነሳችና ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው። ሦስተኛው ታማል ገና አልተፈታም ነበር።

በማግስቱ ጧት ነገሩን ለወንድሟ አወራችው። ኢላሪዮ በጎርፉ ጊዜ የጡት ልጅ ነበር፤ አሁን ዋና ከተማ የሚኖር፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ድልድዩ በአባቱ ስም እንዲሰየም ከከንቲባው ጋር ተነጋግሯል። እስከ መጨረሻው ሰማትና በሩን ዘጋ።

«እትዬ፣ በገዛ አባትሽ ሙት ወቃሽ ልትሆኚ ነው?»

«እሱ ራሱ ነው ንገሪያት ያለኝ።»

«የሚሞት ሰው ብዙ ይላል። እሺ፣ አይቶታል እንበል። ባያዞረው ኖሮ እኔና አንቺ ዛሬ ቆመን እናወራ ነበር? ልክ ነው የሠራው! ልክ ከሆነ ደግሞ ማየቱ ምን ይለውጣል?»

«ልክ ከሆነ ለምን ጭጋግ ነው አለኝ?»

ኢላሪዮ እንደ ልጅነቱ ጥፍሩን መንከስ ጀመረ። «እለምንሻለሁ» አለ። «ዘጠነኛው ቀን ይለፍ።»

«በዘጠነኛው ቀን ነው የሚነሳው ኢላሪዮ። ካለፈ በኋላ ክንዱን ማን ያነሳለታል?»

ሰባተኛው ቀን ላይ መቀመጥ አቃታት። ከአልጋዋ ወደ በር፣ ከበር ወደ ምድጃ ስትል አረፈደች፤ ከቀትር በኋላ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጥታ ድልድዩን ተሻገረች።

ዶኛ ካሲልዳ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የአኻያ ቅርንጫፍ ለቅርጫት ትሰነጥቅ ነበር። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቢላው ግን በአውራ ጣቷ ጎን ሽው ሲል ዓይኗን አታነሳም።

«የፊሌሞን ልጅ» አለች። «ተሳስተሽ ነው ወይስ ቅርጫት ልትገዢ?»

«አባቴ ሞቷል።»

«ደወሉን ሰምቻለሁ። እናንተ ስትሞቱ ጎላ አድርጋችሁ ነው የምትደውሉት። ቁጭ በይ።»

ኤውላሊያ አልተቀመጠችም። መንገድ ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋት። «ግራ ክንዱን እርስዎ እንዲያነሱለት ብሎኛል» አለች።

የካሲልዳ ቢላ ቆመ። ከዚያ ሳቀች፣ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «ወይ ጉድ! ሰው አለቀ እናንተ ዘንድ? አራት መቶ አድኖ የለም እንዴ፣ አንድ ክንድ የሚያነሳ አጣ?»

«ሳልዋሽ እንድጠይቅዎት ብሎኛል። ስለዚህ ልንገርዎት።» ነገረቻት። ፋኖሱን፣ ስንዝሩን፣ ነጩን ባርኔጣ፣ ያንን ቆይታ፣ «ጭጋግ ነው» ያለውን። ስትጨርስ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

ካሲልዳ «ቆሞ ነበር?» አለች።

«ማን?»

«ባሌ ነዋ! ቆሞ ነበር ወይስ ተኝቶ?»

«ቆሞ ነበር። በቅሎዋን እየጎተተ ነበር። እምቢ ብላዋለች መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ ነበር የሚጎትታት።»

«ባርኔጣውን አድርጓል?»

«አድርጓል።»

«አልተንገዳገደም?»

«አልተንገዳገደም ዶኛ ካሲልዳ።»

አሮጊቷ ቢላውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ሠላሳ ስምንት ዓመት» አለች። «ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰካራም ሚስት ሲሉኝ ኖርኩ። ልጆቼ ገበያ ሲወርዱ እየተንገዳገዱ ያሾፉባቸው ነበር። እኔ ራሴ ስንቱን ሌሊት ‹ምነው ባትጠጣ ኖሮ› እያልኩ ሙቱን ስሳደብ አነጋሁ። ላልጠጣው! ላልጠጣው ነገር!» በመዳፏ ጭኗን መታች፣ ቢላው ወደቀ።

ኤውላሊያ ቢላውን አንስታ ሰጠቻት። መጠየቅ የማይገባትን እንደምትጠይቅ እያወቀች፣ «እርስዎ መዘውሩ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?» አለች። ይህን ሳታውቅ ወደ ቤቷ መመለስ አልቻለችም።

«ምን እንድልሽ ነው የምትፈልጊው? አባትሽ ጻድቅ ነው? አባትሽ ርኩስ ነው? ለመምህራችሁ ንገሪው፣ እሱ ሁለቱንም ይልልሻል።» ካሲልዳ ወደ ወንዙ አየች። «አዞረው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አራት መቶ ሰው ነዋ! እያለቀስኩ አዞረው ነበር። ከዚያ ግን ጎርፉ ሲጎድል በጀልባ ተሻግሬ፣ የሰውየው ሚስት በር ላይ ቆሜ፣ ‹አይቼዋለሁ፣ አዙሬዋለሁ› እላት ነበር። ከፈለገች ፊቴን ትቧጭረው። እሱን ነው ያላደረገው። ማዶም ሆነሽ እዪው፣ ወዲህም ሆነሽ እዪው፣ እሱን አላደረገውም። አሁን ሂጂልኝ።»

«ትመጫለሽ... ይመጣሉ?» አለች ኤውላሊያ፣ ግራ ተጋብታ።

«ሂጂልኝ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ዘጠነኛው ቀን ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከመሸ የማይሆን ሥራ ነውና ጸሎቱ ከቀትር በኋላ ተጀመረ። ዶኛ ፔትሮኒላ ተንበርክካ ራሱን አነሳች፤ በአንድ እጇ ኖራውን እያፈሰች በሌላው ዝንብ ታባርራለች። መምህር ሌዮባርዶ ቀኝ ክንዱን አነሳ። ከዚያ ጸሎቱ ቆመ።

«ግራ ክንድ» አለች ዶኛ ፔትሮኒላ።

ማንም አልተነሳም። ኢላሪዮ ወደ ከንቲባው ሚስት ጎንበስ ብሎ «መምህሩ ሁለቱንም ያንሳው» ሲል ኤውላሊያ ሰማችው።

«ማንም አይነካውም» አለች።

«ልጄ፣ ጸሎት ቆሞ አያድርም» አለች ፔትሮኒላ። «ሰው አለኝ ብለሽ አልነበር?»

«እንጠብቃለን።»

ጠበቁ። ሻማዎቹ ወደ ታች ወረዱ፣ ዳቦ ጋጋሪው ጉልበቱን ቀያየረ፣ አንዱ ሕፃን አለቀሰና አስወጡት። ኤውላሊያ ዓይኗ በሩ ላይ ተተክሎ፣ ጣቶቿ የሌለ የመጥረጊያ እጀታ ይጨምቁ ነበር። ኢላሪዮ ሊነሳ ሲል በሩ አጠገብ የቆሙት ሰዎች ገለል ገለል አሉ።

ዶኛ ካሲልዳ የሥራ ሽርጧን እንዳሸረጠች፣ ምርኩዟን ይዛ ነበር የመጣችው። ለማንም ሰላምታ አልሰጠችም። እስከ ኖራው ድረስ መጥታ ቆመች፣ አልተንበረከከችም።

«ለኔ የነገርሽኝን ንገሪያቸው» አለቻት ኤውላሊያን። «ከዚያ አነሳዋለሁ።»

«እትዬ» አለ ኢላሪዮ።

ኤውላሊያ የአባቷን ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሜዳይ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋትን ፊቶች ሁሉ አየች። አባቷን ትወደው ነበር፤ አሁንም፣ በዚያች ደቂቃም ቢሆን፣ ትወደው ነበር።

«ኤቫሪስቶ ሰክሮ አልነበረም» አለች። «ተኝቶም አልነበረም። ማሳው መሃል ቆሞ በቅሎውን ይጎትት ነበር። እኔ አይቼዋለሁ፣ ለአባቴም ነግሬዋለሁ። አባቴም አይቶታል። እያየው ነው ያዞረው። ሊሞት ሲል ራሱ ነው የነገረኝ።»

ከኋላ አንዱ «ታዲያ ምን ያድርግ ነበር?» አለ፣ ሌላው «ዝም በል!» አለው። ያች አሮጊት የነጂ ልጇን ክንድ ይዛ አለቀሰች። መምህር ሌዮባርዶ ንግግሩን ከኪሱ አወጣ፣ የመጀመሪያውን ገጽ አየው፣ መልሶ አጣጥፎ ከተተው። ኢላሪዮ በጓሮ በር ወጣ፤ ወንበሩ ባዶ ቀረ።

«ጸሎቱን» አለች ካሲልዳ ለፔትሮኒላ።

ፔትሮኒላ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎት ጠፍቷት ተንተባተበች፤ ቀጥሎ አገኘችው። ካሲልዳ አንድ እጇን መሬት ላይ ተክላ ቀስ ብላ ተንበረከከች። ግራ ክንዱን በጣቷ ጫፍ ሰበሰበችው፣ ከሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ሳይቀር እየጎረጎረች አወጣችው። ፔትሮኒላ ሳጥኑን ዘረጋችላት።

ካሲልዳ ኖራውን ሳጥኑ ውስጥ አላደረገችውም። በሽርጧ እቅፍ ውስጥ ጨመረችው፣ ጫፉን ጨብጣ ተነሳች።

«ዶኛ ካሲልዳ!» አለች ፔትሮኒላ ደንግጣ። «እሱ እኮ መቃብር ነው የሚወርደው!»

«መቃብር ነው የማወርደው። ኤቫሪስቶ ጋር።» ወደ በሩ ዞረች። «በእግሩ መሻገር ካቃተው በክንዱ ይሻገር።»

ዶኛ ፔትሮኒላ ኤውላሊያን አየቻት። አርባ ዓመት በጸሎት ስትሸኝ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም፤ ትከልክል ትተው አላወቀችም። ኤውላሊያ ሳትመልስላት ካሲልዳን ተከትላ ወጣች።

ደጁ ላይ ከወንዙ በኩል ነፋስ ተነስቶ ነበር። የካሲልዳ ሽርጥ ተርገበገበ፣ ከእቅፏ ጥቂት ነጭ ዱቄት ብን ብሎ ወጣ። አሮጊቷ በአንድ እጇ ምርኩዟን፣ በሌላው የሽርጡን ጫፍ ይዛ ነበርና ሦስተኛ እጅ አልነበራትም።

«ይቆዩ» አለች ኤውላሊያ።

ፊቷ ተንበረከከች። የሽርጡን ጫፎች አንድ በአንድ ሰብስባ፣ አንዲት ፍንጣቂ እንዳያመልጥ አጠባብቃ ቋጠረችው። ነፋሱ እንዳይፈታው ደግማ ቋጠረችው።